የሰው ሐሳብ በእኔ ስም

ይህን የምጽፈው አድናቆት ፈልጌ እንዳልሆነ አስቀድሜ ብናገር ደስ ይለኝ ነበር። ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ለምን እርግጠኛ እንዳልሆንኩ ወደ በኋላ ትረዱታላችሁ። ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስካሁን ድረስ ሰው ስለ መጻሕፍት ሲያወራ "ዳዊት፣ አንተስ ምን ትላለህ?" ብሎ ወደ እኔ ከዞረ ፊቴ ይግላል።

ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሲኤምሲ አካባቢ አንድ ኮንዶሚኒየም ላይ ከጓደኛዬ ጋር ተከራይቼ እኖር ነበር። ቀን ቀን በአንድ የግል መሥሪያ ቤት የሰነድ ክፍል ውስጥ የሰው ፋይል ስገለብጥ እውላለሁ። አለቃዬ ሦስት ዓመት ሙሉ አብሮኝ ሠርቶ አንዳንዴ ስሜ ይጠፋበት ነበር። በልጅነቴ ጸሐፊ እሆናለሁ እያልኩ ያስቸገርኳቸው ቤተሰቦቼም ነገሩን ትተውት ነበር፤ እኔም ትቼው ነበር ማለት ይቻላል።

የንባብ ግሩፑን የከፈትኩት በአንድ የጥቅምት ሳምንት ነው። "ቅዳሜ ንባብ" አልኩት። ሐሳቡ ቀላል ነበር። በወር አንድ ቁም ነገር ያለው መጽሐፍ እንመርጣለን፣ ሁላችንም እናነባለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በቴሌግራም እንወያያለን። መጀመሪያ ሃያ የማንሞላ ጓደኛሞች ነበርን። እኔ በየሳምንቱ "የሳምንቱ ሐሳብ" የሚል አጭር ጽሑፍ እለጥፋለሁ፤ ሰውም ከዚያ ተነስቶ ይከራከራል። ረድኤት የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁለተኛ አድሚን ሆና ታግዘኝ ነበር። ፈጣን፣ ቀጥተኛ፣ መጽሐፍ ስትወድ የምታለቅስ ልጅ ናት። ከሁላችን ይልቅ ግሩፑን የምትወደው እሷ ነበረች።

እትዬ አስካለ በሦስተኛው ወር ገቡ። ፎቷቸው የአበባ ሥዕል ነበር። በገቡ በሳምንቱ ስለምናነበው መጽሐፍ ረጅም አስተያየት ጻፉ። አራት ነጥብ የለው፣ ቃሉ ከቃሉ የተጣበቀ፣ ፊደሉ የተዘበራረቀ ነበር። አንድ ልጅ ከሥሩ "እማማ፣ መጀመሪያ ፊደል ይቁጠሩ" ብሎ ጻፈ። ሰው ሁሉ የሳቅ ምልክት አደረገበት። እኔም አድርጌ ነበር። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነውር መሆኑ ተሰማኝና አነሳሁት፤ እሳቸው ግን አስተያየታቸውን አጥፍተውት ነበር።

በማግስቱ ለእኔ በግል ጻፉልኝ። "ልጄ ይቅርታ ፊደሉ ስለሚያስቸግረኝ ነው ግሩፑን አላበላሽም ላንተ ብቻ ልጻፍልህ ካነበብከው ይበቃኛል" ይላል። ከሥሩ ያ የጠፋው አስተያየት ነበር። በሥነ ሥርዓት ያነበብኩት ያኔ ነው። እንደገና አነበብኩት። እኔ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቤ ያላየሁትን ነገር አይተዋል።

ፊደሉን አስተካክዬ፣ አራት ነጥብ አስገብቼ ለጠፍኩት። ከላይ "አንድ አባላችን እንዲህ ይላሉ" ብዬ ነበር። ሰው ወደደው። ታዲያ የሚያመሰግነው እኔን ነበር። "ዳዊትዬ ተባረክ"፣ "አድሚናችን እንዴት ያለ ዓይን አለው"። የላይኛውን መስመር ያነበበው ማንም አልነበረም። እኔም አላረምኳቸውም።

እትዬ አስካለ በየሳምንቱ ይጽፉልኛል። አንዳንዴ ከሥራ ስወጣ መገናኛ ታክሲ እየጠበቅሁ አነበዋለሁ። በልብስ ስፌት ፋብሪካ ሃያ ስምንት ዓመት መሥራታቸውን፣ በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ሲጫወቱ እሳቸው ከጨርቁ ክምር ጀርባ ሲያነቡ እንደነበር፣ ትምህርታቸውን ከሰባተኛ ክፍል ማቋረጣቸውን በመሀል በመሀል ነግረውኛል። መጻፍ በጀመሩልኝ በሁለተኛው ወር "አንድ አባላችን እንዲህ ይላሉ" የምትለውን መስመር ማስገባት ተውኩ። ለምን ተውኳት ብትሉኝ ያን ዕለት ቸኩዬ ነበር እላችኋለሁ። እውነት ነው፣ ቸኩዬ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ግን አልቸኮልኩም።

በዓመቱ የግሩፑ አባል ብዙ ሺህ ሆነ። ሰው "የሳምንቱ ሐሳብ"ን ኮፒ እያደረገ ከሥሩ ስሜን ጽፎ ይለጥፈዋል። አለቃዬ ሳይቀር አንድ ቀን ቢሮዬ መጥቶ "ይሄ ዳዊት የሚባለው አንተ ነህ እንዴ?" አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሜ ጠፍቶበት አያውቅም።

አንደኛ ዓመታችንን በአካል ተገናኝተን እናክብር ያለችው ረድኤት ናት። እንጦጦ ላይ፣ ባሕር ዛፉ መሀል፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተባለ። አርባ ያህል ሰው መጣ። አንድ እንግዳም ነበረን። አቶ ኃይሉ ይባላሉ፣ መጽሐፍ ያሳትማሉ። ከሳምንት በፊት ደውለውልኝ "የሳምንቱ ሐሳብ"ን ሰብስበን በመጽሐፍ እናውጣው ብለውኝ ነበር። ከሽፋኑ ጀርባ ፎቶህ ይኖራል አሉኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ግን ሳምንቱን ሙሉ ፎቶዎቼን ስመርጥ ነበር የከረምኩት።

እትዬ አስካለ ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም። ዘግየት ብለው ከእንጦጦ ራጉኤል በኩል ባለው መንገድ በእግራቸው መጡ። ቤተ ክርስቲያኑን ስመው ነው የመጡት። አጠር ያሉ፣ ቀጭን ሴት ናቸው፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል፤ አንድ መጽሐፍ በፌስታል ይዘዋል። እኔ ማን እንደሆኑ አላወቅሁም ነበር። ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡና ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ።

"ዳዊት አንተ ነህ? በስልክ ትልቅ ሰው ትመስለኝ ነበር" አሉ እየሳቁ። "አስካለ ነኝ።"

"እትዬ፣ እንኳን ደህና መጡ" አልኩ።

"ዛሬ እንኳ በአፌ ልናገር ብዬ ነው የመጣሁት" አሉኝ ቀስ ብለው። "አፍ ፊደል አይሳሳትም አይደል?"

ሣሩ ላይ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ረድኤት ሁሉም ሰው በየተራ ስሙን ይናገር፣ ከዓመቱ መጻሕፍት አንዱን መርጦ ምን እንደነካው ይንገረን አለች። ከእሷ ተጀመረ። አቶ ኃይሉ አጠገቤ ናቸው። እትዬ አስካለ ከእኔ ፊት ለፊት፣ ከክቡ ማዶ። ቆጠርኩ። እሳቸው ዘንድ እስኪደርስ አሥራ ስድስት ሰው ነበር። የሚናገሩትን አንዱንም አልሰማሁም። ሌላ መጽሐፍ ያንሱ፣ አዲስ ነገር ይናገሩ፣ ያልጻፉልኝን ይናገሩ እያልኩ እለምናለሁ። አምስት ሰው ሲቀር ተነስቼ ስልክ የተደወለልኝ መስዬ ልሄድ አሰብኩ። አቶ ኃይሉ ጉልበቴን መታ መታ አድርገው "ጥሩ ቤተሰብ ነው ያፈራኸው" አሉኝ። ተቀመጥኩ።

ተራቸው ደረሰ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ እንደገና አወለቁት።

"እኔ አስካለ እባላለሁ። ብዙ አልተማርኩም። ያቺ ሱቋን የዘጋችው ሴትዮ ያለችበትን መጽሐፍ ነው የምመርጠው" አሉ።

መጽሐፉን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዲት ሴት ባሏ ሲሞት ሱቁን ትዘጋና ዓመታት ሙሉ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትኖራለች። ግሩፑ ውስጥ ሁሉም ስለ ፍቅሯ፣ ስለ ሐዘኗ ጽፎ ነበር።

"ሰው ሁሉ ስለምትወደው ዘጋችው ይላል" ቀጠሉ እትዬ አስካለ። "እኔ ግን እንዲያ አልመሰለኝም። ሱቁን የዘጋችው ብትከፍተው ከእሱ የበለጠ እንደምትሸጥ ስለምታውቅ ነው። እሱ በሕይወቱ ሙሉ ኪሳራ ላይ ነበር። እሷ በአንድ ወር ብታተርፍበት ሰውየው ሁለተኛ ይሞትባታል። ሴት ልጅ አንዳንዴ የምታውቀውን ነገር ቆልፋ የምትቀመጠው ሰው እንዳያንስባት ነው።"

ነፋሱ የባሕር ዛፉን ጫፍ ሲያንቀሳቅሰው ይሰማል። አንዲት ልጅ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ረድኤት፣ ክፉ ሳታስብ፣ እንዲያውም ፈገግ እያለች ተናገረች።

"እማማ፣ ይሄ እኮ የዳዊት ጽሑፍ ነው።"

"የቱ?" አሉ እትዬ አስካለ።

"አሁን ያሉት። የሳምንቱ ሐሳብ ላይ የወጣ ነው። እኔ በቃሌ ነው የማውቀው።"

አንድ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ፈለገው። አገኘው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። "ሱቁን የዘጋችው ብትከፍተው ከእሱ የበለጠ እንደምትሸጥ ስለምታውቅ ነው…" ቃል በቃል ነው። እኔ ፊደሉን ብቻ ነው ያስተካከልኩት። የ"ሁለተኛ ይሞትባታል" ቦታ ላይ ሲደርስ ሰው ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ "ቢያንስ የማን እንደሆነ መናገር ነበረባቸው" ሲል ሰማሁት።

እትዬ አስካለ ወደ ልጁ አላዩም። እኔን ነበር የሚያዩት። ቁጣ አልነበረባቸውም። ፊታቸው ላይ የነበረው መጠበቅ ነው። አንድ ሰው አሁን ይናገራል፣ ነገሩ ይስተካከላል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው።

ዝም ብል እንኳ ይሻል ነበር። ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ዝም ብል እንኳ። እኔ ግን ፈገግ አልኩና እጄን አነሳሁ።

"ምንም አይደለም" አልኩ። "ሐሳብ የሁላችንም ነው። እትዬ ወደውት ነው፤ ሰው የወደደው ነገር የራሱ ይመስለዋል። እኔ ደስ ነው ያለኝ።"

አጨበጨቡልኝ። አቶ ኃይሉ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። ረድኤት ዓይኗ እንባ አቅርሮ አየችኝ።

እትዬ አስካለ መጽሐፋቸውን ወደ ፌስታሉ መልሰው ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ተሳስቼ ነው" አሉ፤ ለማን እንደሆነ አላወቅሁም። ረድኤት "እማማ ይቀመጡ እንጂ፣ ምንም የለም" ብላ ልትይዛቸው ተነሳች። "ታክሲ እንዳያመልጠኝ ነው የኔ ልጅ" ብለዋት ቁልቁለቱን ያዙ። እስኪጠፉ ድረስ ጀርባቸውን አየሁት። አንዴም አልዞሩም።

ከዚያ ምሳ ተበላ። ፎቶ ተነሳን። በሁሉም ፎቶ ላይ መሀል ላይ ነኝ። ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ስልኬን አየሁ። አስካለ ግሩፑን ለቀዋል። የግል መልእክታችንን ስከፍት ባዶ ነው። የአሥር ወር ጽሑፋቸውን ከእሳቸው ስልክ ብቻ ሳይሆን ከእኔም አጥፍተውታል። አንድ ቃል የለም።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ለመናገር ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። ባዶውን ገጽ ሳይ ደስ አለኝ። ትከሻዬ ሲቀል ተሰማኝ። ማስረጃ የለም፤ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ቀጥሎ የመጣልኝ ሐሳብ ደግሞ "ለእኔ ብለው ነው ያጠፉት፣ እንዳልዋረድ ብለው" የሚል ነው። በዚህም ልቤ ተነካ። ደግ ሴት ናቸው አልኩ።

አቶ ኃይሉ ሊሄዱ ሲሉ "የሱቁን ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ነው የምናደርገው" አሉኝ። "ሴትየዋ እንኳ ሲሰርቁ እሱን ነው የመረጡት።" የሰሙት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የራሴ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ሲገባ ነው ያፈርኩ የመሰለኝ።

ወደ መገናኛ ስንወርድ ሚኒባሱ ውስጥ ረድኤት አጠገቤ ነበረች። "እኚያ ሴትዮ አሳዘኑኝ" አለች። "በሰው ፊት ባልናገር ይሻል ነበር። አንተ ግን እንዴት ያለህ ጨዋ ነህ።" በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየሁ ሄድኩ።

በማግስቱ እሁድ ቸርች አልሄድኩም። እትዬ አስካለ ለበዓል ቤታቸው ጋብዘውኝ ያውቃሉ፤ "ከየካ ሚካኤል ዝቅ ብሎ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው የስፌት ሥራ የሚል ታፔላ አለው" ብለው ጽፈውልኝ ነበር። ያን ጊዜ አመሰግናለሁ እንኳ አላልኳቸውም። መልእክቱ ቢጠፋም አቅጣጫው ጭንቅላቴ ውስጥ ቀርቷል። ወፍጮ ቤቱን ለማግኘት ሦስት ሰው ጠየቅሁ። ታፔላው በእጅ የተጻፈ ነው፤ "የሥፌት ሰራ" ይላል። ከፊቱ ቆሜ ቆየሁ።

በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት። ሰላም ትባላለች፣ በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። ስሜን ስነግራት ፊቷ በራ።

"የንባቡ ዳዊት? ግባ ግባ። እማዬ ትላንት ከመጣች ጀምሮ ራሴን አመመኝ ብላ ተኝታ ነበር፤ አሁን ተነስታለች። የእሷን ጽሑፍ እያስተካከልክ የምታወጣላት አንተ ነህ አይደል? መሥሪያ ቤት ለሁሉም ነው ያሳየሁት። አላመኑኝም እንጂ። ከሥሩ ያለው ያንተ ስም ነዋ።"

ምንም አልነገሯትም ማለት ነው። ገባሁ።

እትዬ አስካለ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩኝ አልደነገጡም። ልጃቸውን "ሰላም፣ ወንበር አምጪለት" አሏት። ተቀመጥኩ። ሰላም ቤት ገባች፣ በሩ ግን ክፍት ነበር።

"እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት" አልኩ።

"ለየትኛው?"

ይህን ጥያቄ አልጠበቅሁትም። "ለትላንቱ" አልኩ።

"ለትላንቱ ብቻ ከሆነ ቀላል ነው" አሉ። ጣታቸውን የነጠላቸው ጥለት ላይ አመላለሱ። "እኔ እኮ የሸፈንከኝ መስሎኝ ነበር። ያን ጊዜ ሲሳቅብኝ አይተሃል። ዳግመኛ እንዳይሳቅብኝ ብለህ በራስህ ስም የምታወጣው መስሎኝ ነበር። ለሰላም እንዲያ ነው ያልኳት። ልጁ ጨዋ ነው፣ እየደበቀኝ ነው አልኳት። በጸሎቴ ሁሉ አነሳህ ነበር።"

አንገቴን ደፋሁ።

"ትላንት እዚያ ልጅቷ ስትናገር፣ አሁን ይነግራቸዋል ብዬ ነው ያየሁህ። አንተ ይቅር አልከኝ።" ድምፃቸው ከፍ አላለም። "እኔን። በራሴ ሐሳብ ይቅር አልከኝ። ሰው እያጨበጨበ።"

የማይረባ ነገር ጠየቅሁ። "መልእክቶቹን ያጠፏቸው… ለእኔ ብለው ነው?"

"ላንተ?" አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩኝ። "የኔ ስለሆኑ ነው እንጂ። ሰው ቤት ሲለቅ ዕቃውን ይዞ ነው የሚወጣው።"

ያን ጊዜ ነው ያፈርኩት። ከዚያ በፊት የነበረው ፍርሃት ነበር፣ ሐፍረት የመሰለኝ። ትላንት ባዶውን ገጽ አይቼ በደግነታቸው ልቤ መነካቱ ትዝ አለኝና መሬቱ ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ተመኘሁ።

"ለሁሉም እናገራለሁ" አልኩ። "ዛሬውኑ ግሩፑ ላይ እጽፋለሁ፤ እውነቱን ሁሉ።"

"ጻፍ። ሰውም ጎበዝ ይልሃል።"

"እትዬ፣ እኔ ለዚያ ብዬ…"

"አውቃለሁ። ግን ይሉሃል። አመነ፣ እንዴት ያለ ልጅ ነው ይሉሃል። አንተ ደግሞ መጻፍ ታውቅበታለህ።"

ይህ የገባኝ ከማንም በላይ ነው። እኛ ቸርች ምስክርነት የሚባል ነገር አለ። ሰው ወጥቶ ጥፋቱን ይናገራል፤ ጥፋቱ በገዘፈ ቁጥር ጭብጨባው ይደምቃል። በልጅነቴ እዚያ መድረክ ላይ የምናገረው ትልቅ ጥፋት ስለሌለኝ አዝን ነበር። ከኮንዶሚኒየሙ እስከ የካ ስመጣም፣ ልደብቃችሁ አልችልም፣ የምጽፈውን ጽሑፍ መግቢያ በልቤ አርቅቄ ነበር። ጥሩ መግቢያ ነበረ።

"ታዲያ ምን ላድርግ?" አልኳቸው።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አሉ። ቀጥለው ግን "ንገራቸው" አሉኝ። "ግን አታሳምረው።"

ልሸኝህ ብላ ሰላም እስከ በር ተከትላኝ መጣች። ሁሉንም ሰምታለች። "ከሥሩ ስምህን ሳይ እኔ ጠርጥሬ ነበር" አለችኝ። "እማዬ ናት እየተቆጣች ዝም ያሰኘችኝ። ስላንተ ከእኔ ጋር ተጣልታለች።" በሩን ዘጋችው፤ በኃይል አይደለም፣ እንደማንኛውም በር።

ወደ ማታ ከመሆኑ በፊት ጻፍኩ። አራት ዓረፍተ ነገር ነው። "እስካሁን በእኔ ስም የወጡት አብዛኞቹ የሳምንቱ ሐሳቦች የእትዬ አስካለ ናቸው። እሳቸው በግል ሲጽፉልኝ ወስጄ የራሴ አድርጌ አወጣኋቸው። ትላንት እንጦጦ ላይ የተናገሩት የራሳቸውን ነው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ከአድሚንነት ወርጃለሁ።" አንድ ቅጽል አልጨመርኩበትም።

እሳቸው እንዳሉት ሆነ። የተሳደበኝ ነበር፤ ግሩፑን የለቀቀም ብዙ ነው። ግን "ጀግና" ያሉኝ ይበልጣሉ። "ይህን ለመናገር ትልቅ ሰው መሆን ይጠይቃል" ብሎ አንዱ ጻፈልኝ። የልብ ምልክቱን ስቆጥር ራሴን ያዝኩት። ስልኬን አጠፋሁት።

አቶ ኃይሉ ደውለው "ሴትየዋን አገናኘኝ" አሉኝ። አስጠየቅሁላቸው። እትዬ አስካለ "ለመታተም አልጻፍኩም" ብለው መለሱ።

ከሁሉም የከበደኝ የረድኤት ነገር ነው። መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሰላምታ አልሰጠችኝም።

"በእኔ አፍ ነው ሴትየዋን ሌባ ያልካቸው" አለችኝ። "እኔ ነኝ ‘የዳዊት ጽሑፍ ነው’ ብዬ የተናገርኩት። አንተ እያወቅህ፣ እኔ ላንተ ስከራከር አየኸኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ጨዋ ነህ ስልህ መስኮት መስኮት ታያለህ።"

"ልክ ነሽ" አልኳት።

"ልክ መሆኔን አውቃለሁ" አለችና ሄደች።

በሳምንቱ የካ ሄዳ እትዬ አስካለን ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ወዲያው ይቅር አሏት፣ ምሳም አብልተው ሸኟት። አሁን በየሁለት ሳምንቱ ትሄዳለች። ጽሑፎቹ ላይ የእሳቸው ስም ይግባ ወይስ ይጥፉ ብዬ በእሷ በኩል አስጠይቄ ነበር፤ ይጥፉ አሉ። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አጠፋኋቸው፤ አርባ ሦስት ናቸው። ከዓመቱ የቀረው የእኔ ጽሑፍ ስምንት ነበር። አነበብኳቸው። ፊደላቸው ጥንቅቅ ያለ ነው።

ግሩፑ አልሞተም። ረድኤት ነች የምትመራው። ከፈለገ ሰው በድምፅ ይልካል፤ በማንም አጻጻፍ መሳቅ አይቻልም፤ የሰው ሐሳብ ያለ ስሙ አይወጣም። እኔ እዚያ ዝም ብሎ የሚያነብ አንድ አባል ነኝ።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ምናልባት እንደ እኔ ግሩፕ ወይም ቻናል የምትመሩ ትኖራላችሁ። እኔ ራሴን ሌባ ነኝ ብዬ አስቤ የማውቅበት አንድ ቀን አልነበረም። የተውኩት አንድ መስመር ብቻ ነው፣ "አንድ አባላችን እንዲህ ይላሉ" የሚለውን። ሌላው ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው። ቁም ነገር ያላቸውን መጻሕፍት እናንብብ ብዬ ሰው ስሰበስብ፣ ማንበብ ሰውን ያርማል ብዬ ከልቤ አምን ነበር። ያን ዓመት አሥራ ሁለት መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ በአብዛኞቹ ውስጥ እንደ እኔ ያለ ሰው ነበረበት። አላየሁትም። የምፈልገው የሚጠቀስ ዓረፍተ ነገር ስለነበር ይሆናል።

ይቅር ብለውኛል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኳቸውም። ሁለተኛ መጠየቅ የሚገባኝ አይመስለኝም።

አንድ ጊዜ ግን አግኝቻቸዋለሁ። ባለፈው የካቲት መገናኛ፣ የየካ ሚካኤል ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበሩ። እኔ ወደ ሲኤምሲ ልሄድ ሳልፍ አየኋቸው። ሰላም አልኳቸው። "ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና ነው?" አሉኝ፤ እንደማንኛውም የሰፈር ሰው። እጃቸው ላይ መጽሐፍ ነበር። ሽፋኑን ሳየው አወቅሁት፤ በዚያው ሰሞን ጨርሼው የመጨረሻው ምዕራፍ አልገባኝ ብሎ ሲያብሰለስለኝ የሰነበተ መጽሐፍ ነው።

"እሱን እያነበቡ ነው?" አልኳቸው።

"ጨረስኩት። ልመልሰው ነው።"

"እንዴት አገኙት?"

ቀና ብለው አዩኝ። አንድ ነገር ሊሉ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ከዚያ መጽሐፉን ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

"ጥሩ ነው" አሉኝ።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ታክሲው ውስጥ ገቡ።